ቁልፌን ይዘውብኛል፤ ዛሬ ካልፈረምኩ ደግሞ መኪናው ለሌላ ሰው ይሸጣል ይሉኛል

ጥያቄ፦ ሰማያዊ ቸርኬ
የምጽፈው መኪና መሸጫው ውስጥ ተቀምጬ ስለሆነ ባጭሩ ብጽፍ ይቅርታ አድርጉልኝ። ብዙ ጊዜ ስፈልገው የኖርኩትን መኪና አግኝቼ ዋጋ እየተነጋገርን ነው። አሮጌ መኪናዬን በለውጥ ስለምሰጥ «ባለሙያችን አይቶ ይገምተው» ብለው ቁልፉን ወሰዱ፤ ግምቱን ከነገሩኝ ቆይተዋል፣ ቁልፉ ግን እስካሁን አልተመለሰልኝም። ሻጩ «ሥራ አስኪያጁን ላነጋግርልዎ» እያለ ይሄዳል፤ በተመለሰ ቁጥር ዋጋው ጥቂት ይቀንስና አንድ አዲስ ክፍያ ይጨመርበታል። ማታ ሌላ ገዢ እንደሚመጣና አሁኑኑ ቀብድ ካላስያዝኩ መኪናው እንደሚያመልጠኝ ነግሮኛል። በሙከራ ጉዞው ላይም ነዳጅ በደንብ እንድረግጥ አልፈቀደልኝም። የደበቀው ችግር አለ ማለት ነው? ልፈርም ወይስ ልተወው? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

መልስ፦ ሦስተኛ ማርሽ
ይነሡ፣ ቁልፍዎን ይቀበሉ፣ ይውጡ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነው።

መልስ፦ ቀዝቃዛ ሞተር
መኪናው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ አዲስ ይሁን ያገለገለ፣ ማርሹ የእጅ ይሁን አውቶማቲክ አልነገሩንም። ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ደግሞ እስካሁን የፈረሙት ወረቀት መኖር አለመኖሩ ነው። «የሙከራ ጉዞ ቅጽ ነው» ተብሎ የቀረበልዎ ወረቀት ካለ እስከ መጨረሻው መስመር ያንብቡት፣ በስልክዎም ፎቶ ያንሱት።

መልስ፦ ጥርስ አልባ ፒኞን
ወንድሜ፣ ሥራ አስኪያጁን በዓይንዎ ካላዩት አይጨነቁ። እኔም መኪና ስገዛ ድምፁን እንኳ ሰምቼ አላውቅም፤ ሻጩ ወደ ውስጥ ገብቶ ስልኩን እየነካካ ትንሽ ያርፍና «በብዙ ልመና ፈቀደልን» ብሎ ይመለሳል። ስለ ቁልፉ ግን ክርክር ውስጥ አይግቡ። «መኪናው ውስጥ የረሳሁት መድኃኒት አለ» ይበሏቸው፤ መድኃኒት የከለከለ ሻጭ እስካሁን አልተወለደም። ቁልፉ እጅዎ ከገባ በኋላ መድኃኒቱን መፈለግዎን ቀስ ብለው መርሳት ይችላሉ።

መልስ፦ መምህር ካርቡራተር
እየተደረገብዎት ያለው ነገር የቆየና የታወቀ ስልት ስለሆነ አሠራሩን መረዳት ይጠቅምዎታል። ሻጩ በፊትዎ ያስቀመጠውን ወረቀት ልብ ብለው ካዩት በአራት የተከፈለ ሊሆን ይችላል፤ በአንደኛው ክፍል የመኪናው ዋጋ፣ በሁለተኛው የአሮጌው መኪናዎ ግምት፣ በሦስተኛው ቅድመ ክፍያው፣ በአራተኛው ወርሃዊ ክፍያው ይጻፋል። ገዢው በአንዱ ላይ ሲከራከር ሻጩ እዚያ ላይ ይሸነፍለትና የለቀቀውን ከሌላው ይሰበስባል። ለምሳሌ የአሮጌው መኪናዎ ግምት ከፍ ሲልልዎት ደስ ይልዎታል፣ በዚያው ቅጽበት ግን ከአዲሱ ዋጋ ላይ ሊቀነስልዎት የነበረው ይቀራል። ወርሃዊ ክፍያው ሲያንስ ዋጋው የቀነሰ ይመስልዎታል፣ ነገር ግን የብድሩ ዘመን ከ48 ወር ወደ 72 ወር ተለጥጦ በጠቅላላው የሚከፍሉት ወለድ ጨምሯል። ስለዚህ የመኪናውን ጠቅላላ ዋጋ ብቻውን ይጨርሱ፣ ያንንም ያጽፉት፤ አሮጌውን መኪና እስከዚያ ድረስ ባያነሡት ይሻል ነበር፤ ብድሩም በመጨረሻ የሚመጣ ነው። ተጨመሩ የሚሏቸው ክፍያዎችም የቀለም መከላከያ፣ ተጨማሪ ዋስትና፣ የሰነድ ማዘጋጃና የመሳሰሉት ከሆኑ እያንዳንዳቸው ምን እንደሆኑና ግዴታ መሆን አለመሆናቸውን ይጠይቁ። ይህ ለማንኛውም መኪና ይሠራል፤ ፈጣን መኪና ላይ ሲደርስ ግን ገዢው በልቡ አስቀድሞ ገዝቶ ስለሚመጣ ሻጩ ብዙ አይደክምም። እዚህ ላይ ፍላጎት እንዴት ፍርድን እንደሚያዛባ በሰፊው ማስረዳት ይቻላል፤

መልስ፦ ጥርስ አልባ ፒኞን
መምህር፣ ሰውየው አዳራሽ ውስጥ ታግቷል፤ ሁለተኛውን ምዕራፍ ከተፈታ በኋላ ያድርጉለት።

ጠያቂ፦ ሰማያዊ ቸርኬ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መኪናው ያገለገለ ቢ.ኤም.ደብሊው ኤም 3 ነው፤ ኢ92 የሚባለው ሞዴል፣ እ.ኤ.አ. የ2009 ስሪት፣ ባለ ስድስት የእጅ ማርሽ። የፈረምኩት የሙከራ ጉዞውን ቅጽ ብቻ ነው፣ አንብቤዋለሁ፣ ከኢንሹራንስ ጉዳይ በቀር ሌላ ነገር የለውም።
ደግሞ እኔ ሴት ነኝ፤ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጧል። ሻጩ ስለ ፈረስ ጉልበቱም፣ ስለ ካምቢዮውም፣ ስለ ዋጋውም የሚያስረዳው ለእርሱ ነው፤ እርሱ ደግሞ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለውም። እኔ ስጠይቅ መልሱ ወደ ወንድሜ ይሄዳል። የጥገና መዝገቡን ለማየት ስጠይቅ «ኮምፒውተር ውስጥ አለ፣ እናትምልዎታለን» አለኝ፣ እስካሁን ግን አልታተመም። ስንደርስ መኪናው ሞተሩ ተነሥቶ በሩ ላይ ይጠብቀን ነበር። ወንድሜ «ፈርመሽ እንሂድ» እያለ ያጣድፈኛል።

መልስ፦ ሦስተኛ ማርሽ
ወንድምዎንም ይዘው ይውጡ።

መልስ፦ የቀድሞ ሻጭ
ለብዙ ዓመታት በዚህ ሥራ ላይ ስለነበርኩ፣ ከጥያቄው መነሻ ጋር ሙሉ በሙሉ እንደማልስማማ በአክብሮት ልግለጽ። ሻጩ በሙከራ ጉዞ ላይ ነዳጅ እንዲረግጡ አለመፍቀዱ ችግር ለመደበቁ ማስረጃ አይሆንም። የዚህ መኪና ሞተር በደቂቃ ከ8,000 ዙር በላይ እንዲዞር የተሠራ ነው፤ ዘይቱ ሳይሞቅ እንዲህ ማጦዝ ሞተሩን መግደል ስለሆነ ጠንቃቃ ባለቤትም አይፈቅድልዎትም። በዙር ቆጣሪው ዳር ያሉት የማስጠንቀቂያ መብራቶች ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ ወሰኑን ወደ ላይ የሚያሸሹት ለዚሁ ነው። በዚያ ላይ ለመንሸራሸር ብቻ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው፤ መግዛት ሳያስብ ጎማ አጭሶ «አስብበታለሁ» ብሎ የሚሄድ ደንበኛ ሁልጊዜ ያጋጥመን ነበር። ሌላ ገዢ ይመጣል ማለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ የእጅ ማርሽ ያለው ኤም 3 ፈላጊ አያጣም።
ለእርስዎ ሳይሆን ለወንድምዎ ማስረዳቱ ግን ነውር ነው፤ ለሥራውም አይበጀውም። ቁልፉን ይዞ ማቆየቱን በተመለከተ፣ ከግምቱ በፊት ከሆነ የተለመደ ነው፤ ግምቱ ከተነገረ በኋላ ከሆነ ደንበኛው ተነሥቶ እንዳይሄድ የሚደረግ ስለሆነ ምንም ምክንያት አላቀርብለትም።

መልስ፦ ቀዝቃዛ ሞተር
ከቀድሞ ሻጭ ጋር በአንድ ነገር እስማማለሁ፣ በሌላው አልስማማም። እንዳይረግጡ መከልከላቸው አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ሲደርሱ ሞተሩ ተነሥቶ መቆየቱ ነው። ሞተር የሚናገረው ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ሲነሣ ነው፤ ጭሱ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚሰማው ድምፅ፣ ሳይሞቅ ያለው አዟዟር፣ ይህ ሁሉ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ይያዙ፣ ማንም ሳያስነሣው እንዲጠብቅዎ ይንገሩ፣ ሲደርሱም ገና ሰላምታ ሳይለዋወጡ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። ሞቆ ካገኙት ምንም ሳይናገሩ ብዙ ነገር ነግረውዎታል።
ወደ መኪናው ስንመጣ፣ ይህ ባለ 4.0 ሊትር ቪ8 ሞተር፣ ኤስ65 የሚባለው፣ የቢዬላ ኩሽኔታዎቹ (የፒስተኖቹ ዘንጎች ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚጋጠሙባቸው ስስ መቀመጫዎች) ያለጊዜያቸው በማለቅ በባለቤቶቹና በመካኒኮች ዘንድ በሰፊው ይታወቃል። ለሻጩ የሚያቀርቡት ጥያቄ «ችግር አለበት ወይ?» መሆን የለበትም፤ «ኩሽኔታዎቹ ተቀይረው ያውቃሉ? ከተቀየሩ መቼ፣ በስንት ኪሎ ሜትር፣ ደረሰኙ የት አለ?» ይበሉት። በመዝገቡ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ይፈልጉ፤ መኪናው አዲስ ሳለ በ2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊደረግለት የሚገባው የመጀመሪያ አገልግሎት መኖሩን፣ እንዲሁም የሚገባለት ዘይት 10ደብሊው-60 የሚባለው የውፍረት ደረጃ ያለው መሆኑን።

መልስ፦ የቀድሞ ሻጭ
አንድ ማስተካከያ አለኝ። ጠዋት ማስነሣቱ ጥሩ ነው፣ ስለ ኩሽኔታዎቹ ግን ምንም ላይነግራቸው ይችላል። አንኳኩቶ እስኪሰማ ድረስ ሳይታወቅ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ሲያንኳኳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ረፍዷል። ጸጥ ብሎ የተነሣ ሞተር ሰምተው ተረጋግተው እንዳይፈርሙ።

መልስ፦ ቀዝቃዛ ሞተር
ልክ ነዎት፣ ለዚህም ነው ደረሰኙን ያስቀደምኩት። ደረሰኝ ከሌለ ያልተቀየረ አድርጎ ማሰብና የመቀየሪያውን ወጪ ከዋጋው ላይ መደራደር ነው። ጊዜ ካለ የሞተሩን ዘይት ናሙና ወስዶ በላቦራቶሪ ማስመርመርም ይቻላል፤ በዘይቱ ውስጥ ከኩሽኔታ የሚረግፍ የብረት ቅንጣት መብዛቱ ይታያል። ዘይቱ ለሽያጭ ሲባል ትናንት ተቀይሮ ከሆነ ግን ምርመራው ብዙም አይጠቅምም።

መልስ፦ መምህር ካርቡራተር
ስለ የእጅ ማርሽ ከተነሣ ላይቀር፣ በፖርሼ 911 ላይ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ከተፈቀደው ዙር በላይ የዞረባቸውን አጋጣሚዎች በየደረጃው ከፋፍሎ ከሞተሩ የሥራ ሰዓት ጋር ይመዘግባል። ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ሊያስገባ ፈልጎ ሁለተኛ ያስገባ ሰው ታሪኩ እዚያ ተጽፎ ይገኛል፤ ስለዚህ የ911 ገዢ ያን ንባብ መጠየቅ ይኖርበታል።

መልስ፦ ጥርስ አልባ ፒኞን
የሚገዙት 911 አይደለም እንጂ ጥሩ ምክር ነበር። ኤም 3ው ላይ ግን ወደ መሬት ይውረዱና ጎማውን ይዩ። በጎማው ጎን ካለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አኃዞች አሉ፤ 2319 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ኋላ ሁለቱ ጎማዎች የተለያየ ስም ያላቸውና ርካሽ ከሆኑ፣ ባለቤቱ ለጎማ የቆጠበ ሰው ለዘይት ቸር ነበር ብዬ አላምንም። የፍሬን ዲስኩ ላይም ዝቅተኛው ውፍረት ተቀርጾ ይገኛል፤ ዲስኩ ዳሩ ላይ ምላጭ የሚመስል ጠርዝ ካወጣ አዲስ ዲስክ ሊገዙ ነው፣ የዚህ መኪና ዲስክ ደግሞ እንደ ተራ መኪና ዲስክ አይረክስም። እኅቴ፣ «ወንድሜ» ስላልኩዎ ይቅርታ። ወንድምዎን ግን እዚያው ይተዉላቸውና ሻጩ ለእርሱ ሲያስረዳ እርስዎ ጎማውን ይመርምሩ፤ ማንም አያይዎትም።

መልስ፦ ሦስተኛ ማርሽ
ወጡ ወይስ አልወጡም?

ጠያቂ፦ ሰማያዊ ቸርኬ
ወጥቻለሁ። ስለ መድኃኒቱ መዋሸት አልሆነልኝም፤ ተነሥቼ ቆምኩና «ቁልፌን እፈልጋለሁ» ብቻ አልኩ። ሻጩ «እየፈለግነው ነው» አለ፤ እኔም መልስ ሳልሰጥ ቆሜ ጠበቅኩ። ቁልፉ ከጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ወጣ። በሩ ጋ ስንደርስ የተጨመረው የቀለም መከላከያ ክፍያ መነሣቱን ነገረኝ፤ መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ደግሞ መስኮቱ ድረስ መጥቶ ዋጋውን ቀነሰ። የራሴን መካኒክ ይዤ መምጣት እችል እንደሆነ ስጠይቀው «እኛ በ100 ነጥብ መርምረነዋል» አለ። ቀብድ አላስያዝኩም። «ነገ ጠዋት ቢመጡ ይጠብቅዎታል» ብሎኛል።

መልስ፦ ጥርስ አልባ ፒኞን
ማታ የሚመጣው ገዢ ምን ነካው? አሳዘነኝ።

መልስ፦ የቀድሞ ሻጭ
ቁልፉ ከመሳቢያው መውጣቱን ካነበብኩ በኋላ ጥብቅና የቆምኩለትን ያህል አልቆምለትም። በ100 ነጥብ መርምረናል የሚለው ወረቀት ሻጩ ለራሱ ያዘጋጀው ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ የሠራ የእርስዎ መካኒክ የሚያየው ሌላ ነው። ነገ ከመሄድዎ በፊት ስልክ ደውለው ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ መኪናው ሳይነሣ እንዲጠብቅዎ፣ መዝገቡ ታትሞ እንዲቆይዎ፣ መካኒክዎ ማንሻ ላይ አውጥቶ እንዲያየው መፈቀዱን። ሦስተኛውን ከከለከሉ መንገዱን አይድከሙበት። ቀብድ የግድ ከሆነ ደረሰኙ ላይ «በገዢዋ መካኒክ ምርመራ ተቀባይነት ካላገኘ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» ተብሎ ይጻፍና ይፈረምበት፤ በአፍ የተባለውን የሚፈርመው ሥራ አስኪያጅ አይቀበለውም። የወሩ መጨረሻ ቀርቦ ከሆነ ደግሞ ችኮላው የእርሱ ነው፤ ብዙ ቦታ የሻጭ ጉርሻ በወሩ በሸጠው ቁጥር ይሰላል። ወንድምዎንም ቤት ቢተዉት እመርጣለሁ፤ «ፈርመሽ እንሂድ» የሚል ዘመድ ለሻጭ ሁለተኛ ሠራተኛው ነው።

መልስ፦ ቀዝቃዛ ሞተር
በሙከራው ጉዞ ላይ ዘይቱ ከሞቀ በኋላ፣ ማለትም በዙር ቆጣሪው ሥር ያለው የዘይት ሙቀት መለኪያ መሃል ከደረሰ በኋላ፣ በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ነዳጅ አንድ ጊዜ እንዲረግጡ አስቀድመው ይጠይቁ። ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት ከሆነ ዙሩ ይጨምራል፣ መኪናው ግን አብሮት አይፈጥንም። ሞቆም ከከለከሉዎት ያን ጊዜ የመጀመሪያ ጥርጣሬዎ ቦታ ይኖረዋል።

መልስ፦ ሁለት ጭስ ማውጫ
ይህን ዘግይቼ ነው ያነበብኩት። እኔም ተመሳሳይ ሞዴል እያየሁ ነው፣ የእኔው ግን ባለ ሰባት ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ጠያቂዋ ጠዋት ሄደው ነበር? ኮፈኑ ቀዝቃዛ ነበር? መካኒኩንስ አስገቡላቸው? ስለ ኩሽኔታዎቹ ደረሰኝ ካገኙ በስንት ኪሎ ሜትር እንደተቀየሩ ቢነግሩኝ ይጠቅመኛል።

መልስ፦ ሦስተኛ ማርሽ
እስካሁን አልጻፉም። እርስዎ ቁልፍዎን አልሰጧቸውም አይደል?