ክረምት በገባ ቁጥር ዶሮዎቼ ተቅማጥ ይይዛቸዋል፤ ውሃው ይሆን?

ጠያቂ (ወራሚት)፦
ሰላም ወገኖች። ከጣና ዳር ብዙም ሳልርቅ ቦቫንስ የእንቁላል ዶሮ አረባለሁ። ዝናቡ ሲጠነክር ኩሳቸው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ክንፋቸውን ጥለው ጥግ ይይዛሉ። መድኃኒት ሻጩ ዶሮዎቹን ሳያይ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ ይሰጠኛል። ሲወስዱ ይሻላቸዋል፣ ሳቆም ይመለስባቸዋል። የሚጠጡት የግቢዬን ጉድጓድ ውሃ ነው፤ ኩልል ያለ ነው። መኖው ይሆን እንዴ?

የዘንዘልማዋ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጉድጓዱን ጠርጥር። ኩልል ማለቱ አይሸውድህ፤ ኢኮላይና ሳልሞኔላ የሚባሉት ባክቴሪያዎች በዓይን አይታዩም። በእኛ አካባቢ ክረምት ሲገባ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ይላል። ሽንት ቤቱ ቅርብ ከሆነ ከጉድጓዱ ጋር ይገናኛል። ዶሮ ደግሞ ከምትበላው እጥፍ ያህል ውሃ ትጠጣለች፤ ውሃው ከተበከለ ቤቱን ሙሉ በአንዴ ያዳርሳል።

አሁኑኑ ጣትህን መጠጫው ውስጥ አስገብተህ ዳብሰው። ሙልጭልጭ ካለህ ባክቴሪያው እዚያ ጎጆ ሠርቷል። በውሃ ብቻ ማለቅለቅ አያስለቅቀውም፤ በብሩሽ ፈትገው። ያንተ ዶሮዎች መድኃኒቱ ሲቆም የሚያገረሽባቸው ያንኑ ውሃ ስለሚጠጡ ይመስለኛል። ለመሆኑ እንቁላሉን በመድኃኒቱ ወቅት ትሸጠዋለህ? እሱን ሰው ነው የሚበላው!

ሽቶ ያልተጨመረበት በረኪና ግዛ። ክሎሪኑ 5 በመቶ ከሆነ ለ10 ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር በመርፌ ለክተህ ጨምር፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቀህ አጠጣቸው። ውሃው ከደፈረሰ ግን ቆሻሻው ክሎሪኑን ይጨርሰዋል፤ አስቀድመህ አጥልለው።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
አታካብዱ ባካችሁ። የእናቴ ያበሻ ዶሮዎች ጣናን እየጠጡ ነው ያደጉት።

የዘንዘልማዋ፦
የሞቱትን ማን ቆጠራቸው? የዶሮ ኮሌራን እኮ የውሃ ወፎችም ያመጡታል።

የእንስሳት ሐኪም፦
እህታችን ልክ ናት፤ ግን አረንጓዴ ኩስ የፈንግል ምልክትም ነው። አዲስ የሞተ ካለ ቶሎ ወደ ላቦራቶሪ ውሰድ። ልቡና ጉበቱ ላይ እንደ አይብ ያለ ነጭ ሽፋን ከታየ ኢኮላይ ያስጠረጥራል። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ምርመራው ይነግርሃል።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። ሽንት ቤቱ ለካ ከጉድጓዱ በላይ በኩል ነው ያለው! ቅዳሜ በውሃ የሚሰጥ የፈንግል ክትባት አለብኝ፤ በረኪናው ይጎዳዋል?

የእንስሳት ሐኪም፦
አዎ፣ ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ነው፤ ክሎሪን ይገድለዋል። ከሐሙስ ጀምረህ በረኪናውን አቁምና አፍልተህ ያቀዘቀዝከውን ውሃ ስጣቸው። በክትባቱ ውሃ ላይ በሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ጨምር። ግን የታመመ ዶሮ አይከተብም፤ ካልተሻላቸው ቀኑን አራዝመው።