የጡት ኦፕራሲዮን ቀን፦ ከድሬ ወደ ሐረር ምን ይዘን እንሂድ?

ከዚራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ሰኞ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ቀጠሮ አላት፤ የቀኝ ጡቷና የብብቷ ዕጢዎች ይወጣሉ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል ትወስዳለች። ጠዋት ምን መቅመስ ትችላለች? ምን እንያዝ? ቁስሏ ላይ ከሚተከለው ቱቦ ጋር ወደ ቤት ትመለሳለች መባሉ ደግሞ ከሁሉ በላይ አስጨንቆናል።

ሲስተር፦
አቦ አይዞሽ፣ ፈጣሪ ይማርልሽ። ምግብ ሰመመን ከመሰጠቱ ቢያንስ 6 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል። ወተት የገባበት ሆጃም (የቡና ቅጠል ሻይ) እንደ ምግብ ነው። ንጹሕ ውሃ ግን 2 ሰዓት እስኪቀረው ይፈቀዳል። ሆድ ውስጥ የቀረ ነገር ተኝታ ሳለች ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል፣ ትንሽም ከቀመሰች እንዳትደብቁ፤ ቀጠሮው ቢሸጋገር ይሻላል። ኢናላፕሪል በሰመመን ጊዜ ግፊቷን ከልክ በላይ ሊያወርደው ይችላል፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ትዋጠው አትዋጠው ሰመመን ሰጪውን ጠይቁ። ጫት የምትቅም ከሆነም ይነገረው። ጥፍሯ ላይ ጥቁር ሂና ካለ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ሊሳሳት ይችላል። ሐኪሙ ደግሞ ገና ነቅታ ሳለች ቀኝ ጎኗን በእስክሪብቶ ምልክት ያድርግ። ካላደረገ ጠይቁ፤ ድፍረት አይደለም።

ላብራቶሪ፦
ከጡቷ የወጣውን ናሙና ወደ ፓቶሎጂ (ሥጋው ወደሚመረመርበት ክፍል) እናንተ እንድታደርሱ ከተሰጣችሁ፣ የተነከረበት ፎርማሊን የሚባለው ማቆያ ኬሚካል መሆኑን አረጋግጡ። ውሃ፣ ሳላይን ወይም አልኮል አይሆንም። በደንብ ያልተጠበቀ ሥጋ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራውን ያበላሻል፤ ታሞክሲፈን (ሆርሞንን የሚያግድ የጡት ካንሰር ኪኒን) ይሰጣት አይሰጣት የሚወሰነው በዚያ ውጤት ነው። ስሟ፣ የካርድ ቁጥሯና «ቀኝ» የሚለው በዕቃው ገላ ላይ ይጻፍ፤ ክዳን ይቀያየራል።

ቁስል ክፍል፦
ቱቦው ከቆዳ ሥር የሚጠራቀመውን ደምና ፈሳሽ መምጠጫ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ኳስ ተጨፍልቃ መቆየት አለባት፤ ከተነፋች መምጠጥ አቁማለች። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ ክዳኗን ክፈቱ፣ ፈሳሹን በመለኪያ ቅዱ፣ ከዚያ ኳሷን በመዳፍ እንደጨመቃችሁ ክዳኑን ዝጉ። ጠዋትና ማታ ስንት ሚሊ እንደወጣ ጻፉ። ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ በታች ሲወርድ ይነቀላል። ቀለሙ ከቀይ ወደ ቢጫ መሄዱ ጤና ነው። ድንገት በደማቅ ደም ከሞላ፣ መውጣቱ ቆሞ ደረቷ ካበጠ፣ ወይም ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ሳታድሩ ሂዱ።

ድሪያ (ሰፊው ቀሚስ) በራስ በኩል ስለሚጠለቅ ለጊዜው ይቅርባት። ፊት ለፊት በቁልፍ የሚከፈት ሰፊ ሸሚዝ ያዙ፣ ኳሷንም በመርፌ ቁልፍ ከሸሚዙ ጋር አያይዙ፤ ተንጠልጥላ ከቀረች ቱቦውን ትጎትተዋለች። ስትመለሱ ለደንገጎ ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ትንሽ ትራስ በመኪናው ቀበቶና በደረቷ መሃል አድርጉላት።

ከዚራ፦
ተባረኩ። በድሬ ሙቀት ላቡ ፋሻውን ቢያርሰውስ?

ሲስተር፦
የራሰ ፋሻ አይቆይ፤ ቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስቀይሩት። ፓውደር አትነስንሱ። ሙቀት ፈርታ ክንዷን ሳታንቀሳቅስ እንዳትተኛ ደግሞ፤ ትከሻዋ ይደርቃል። ከማግስቱ ጀምሮ ጣቷን ትጨብጥ ትዘርጋ፣ ክርኗን ትጠፍ። ቱቦው እስኪነቀል ግን ክንዷን ከትከሻ በላይ አታንሳ። መርፌና የግፊት መለኪያ በግራ ክንዷ ይሁን።