ፎርዋርድ ሳደርግ ሠንጠረዡ ይፈርስብኛል

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቢሮ የምጠቀመው የቆየውን የዊንዶውስ አውትሉክ ነው። ከሒሳብ ክፍል የሚመጣልኝን ኢሜይል ለአለቃዬ ፎርዋርድ ሳደርግ፣ በየመስመሩ መጀመሪያ የቀስት ጫፍ የምትመስል ምልክት ትደረደራለች። ሠንጠረዡም ፈርሶ ቁጥሮቹ ቁልቁል ይወርዳሉ። ዛሬ አለቃዬ «ምንድን ነው የላክሽልኝ?» አሉኝ። እባካችሁ መላ በሉኝ።

ቢኒ፦ ቀላል ነው። ፋይል፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሜይል ውስጥ ግቢ። ወረድ ስትዪ «ሪፕላይስ ኤንድ ፎርዋርድስ» የሚል ክፍል አለ። ፎርዋርድ የሚለው ምርጫ «ፕሪፊክስ ኢች ላይን» ላይ ከሆነ፣ «ኢንክሉድ ኦሪጅናል ሜሴጅ ቴክስት» ወደሚለው ቀይሪው።

ጸሐፊዋ፦ ተባረክ! ምልክቷ ጠፋች። ሠንጠረዡ ግን ያው ነው፤ አሁንም ፍርስርሱ ይወጣል።

ጋሽ ተሾመ፦ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ኢሜይሉን ገና ስትከፍቺው፣ ፎርዋርድ ሳታደርጊው፣ ሠንጠረዡ ደህና ነው?

ጸሐፊዋ፦ ኧረ እሱም ፈርሶ ነው የሚታየኝ! እስካሁን ላኪዎቹ ናቸው የሚያበላሹት ብዬ ስረግማቸው ነበር። ከላይ ደግሞ ወደ ፕሌይን ቴክስት ተቀይሯል የሚል ጽሑፍ አለ።

ጋሽ ተሾመ፦ በቃ፣ ተገኘ። ኮምፒውተርሽ የሚመጣውን ኢሜይል ሁሉ ወደ ተራ ጽሑፍ እየቀየረ ነው የሚያሳይሽ። ተራ ጽሑፍ ደግሞ ሠንጠረዥ፣ ቀለም፣ ደማቅ ፊደል አያውቅም። አውትሉክ ፎርዋርድ የሚያደርገው በተከፈተበት ቅርጽ ስለሆነ፣ አለቃሽም ፍርስራሹ ይደርሳቸዋል። ለጊዜው ያን ጽሑፍ ተጫኚና «ዲስፕሌይ አዝ ኤችቲኤምኤል» በዪው (ሠንጠረዥና ቀለም በሚይዘው ቅርጽ አሳየኝ ማለት ነው)፤ ከዚያ ፎርዋርድ አድርጊ። ለዘለቄታው ኦፕሽንስ፣ ትረስት ሴንተር፣ ትረስት ሴንተር ሴቲንግስ፣ ኢሜይል ሴኪዩሪቲ ገብተሽ «ሪድ ኦል ስታንዳርድ ሜይል ኢን ፕሌይን ቴክስት» ላይ ያለውን ምልክት አንሺው።

ሰብሊ፦ ጋሼ ልክ ናቸው፤ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሴቲንግ ከአደገኛ ሊንክና ከተደበቀ ምስል ለመጠበቅ ተብሎ ሆን ተብሎ የሚበራበት ቢሮ አለ። ሳጥኑ ደብዝዞ አልነካ ካለሽ የዘጉት የአይቲ ሰዎች ናቸው። አትታገዪው፣ እነሱን ጠይቂ።

ቢኒ፦ እኔ ቸኩዬ ነበር፣ ይቅርታ። ደግሞ ሲቸግርሽ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍን አንድ ላይ ተጫኚ። ዋናው ኢሜይል አታችመንት ሆኖ ስለሚሄድ ምንም አይነካውም። አለቃሽ ግን ከፍተው ማየት አለባቸው፤ በስልክ የሚያነቡ ከሆነ አይመችም።

ጸሐፊዋ፦ ሳጥኑ ተነካልኝ፣ ምልክቱን አነሳሁት። ለራሴ ፎርዋርድ አድርጌ ሞከርኩት፤ ሠንጠረዡ ቀጥ ብሎ ደረሰ። አሁን የሒሳብ ክፍሎቹን ይቅርታ ልጠይቅ ነው።