የካያ ልጆች በየትኛው ፊደል ይማሩ?

መነሻ፦ ካያ ከካረን ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ በምሥራቅ ምያንማር በካያ ግዛትና በታይላንድ የስደተኛ ካምፖች ይነገራል። ካያ ሊ በሚባል ፊደል፣ በላቲንና በምያንማር ፊደል ይጻፋል። ትምህርት ቤት የትኛውን ይያዝ?

ሰንበሌጥ፦ ላቲን። ልጁ እንግሊዝኛ ሲማርም ያንኑ ፊደል ነው የሚያገኘው። ለካያ ሊ ግን ኪቦርድ ፈልጎ መጫን አለበት።

ፊደል ቆጣሪ፦ ቴ ቡ ፌ በ1962 እ.ኤ.አ. ካያ ሊን የቀረጹት እኮ ከ1950 ወዲህ ብቅ ላሉት የላቲን አጻጻፎች ምላሽ ጭምር ነው። ተነባቢው 24 ነው። ከአናባቢዎቹ አራቱ ራሳቸውን የቻሉ ፊደላት ናቸው፤ አምስቱ «አ» በሚባለው የካያ ሊ ፊደል አናት ላይ የሚቀመጡ ምልክቶች። ሦስቱ የቃና (የድምፅ ከፍታና ዝቅታ) ምልክቶች ከሥር ይገባሉ። አናባቢ ከላይ፣ ቃና ከታች፤ ልጅ አይምታታበትም።

ኮድ አንባቢ፦ ይኸው ላይና ታች ነው ኮምፒውተር ላይ የሚያስቸግረው። ቅደም ተከተሉ ተነባቢ፣ «አ»፣ የላይ ምልክት፣ መጨረሻ ቃና ነው። ጸሐፊው ቃናውን ካስቀደመ አንዱ ስልክ በነጠብጣብ የተሠራ ክብ ያወጣል፣ ሌላው ምንም ልዩነት ላያሳይ ይችላል። የባሰው ሁለተኛው ነው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ የኮምፒውተር ኮድ የሚሰጠው ስምምነት፣ ሁለቱን አጻጻፍ እንደ አንድ አይቆጥራቸውም፤ ቃሉን ብትፈልጉት አታገኙትም፣ መዝገበ ቃላት ውስጥም ሁለቴ ይገባል። የእኛ የግዕዝ ፊደል «ኬ» ከነአናባቢዋ አንድ ኮድ ስለሆነች ከዚህ ጣጣ ነፃ ናት። ግን ለዚህ ብሎ ፊደል አይቀየርም፤ ኪቦርዱ ራሱ ቅደም ተከተሉን እንዲያርም ተደርጎ ይሠራ።

ሰንበሌጥ፦ የድሮው ጽሑፍስ? ካያ ሊ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በላቲን ኮድ ላይ በተለጠፈ ፎንት የተተየበው፣ ፎንቱ ከሌለ የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ ቁጭ ይላል።

ኮድ አንባቢ፦ ይቀየራል፣ ወንድሜ። ፎንቱ ሳይጠፋ የእያንዳንዱን ምልክት አሮጌና አዲስ ኮድ የሚያዛምድ ሰንጠረዥ ይወጣ። መጀመሪያ አንድ ገጽ ይሞከር፤ የላይ ምልክትም ቃናም ያለባቸው ቃላት የበዙበት ይሁን፣ ስህተቱ እዚያ ነው የሚደበቀው።

ሰንበሌጥ፦ በላቲን ማንበብ የለመደው ወላጅስ?

ፊደል ቆጣሪ፦ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ግራው ገጽ በካያ ሊ፣ ቀኙ በላቲን ይታተም። ወረቀቱ እጥፍ ይሆናል፣ አልክድም። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ግን መጨረሻው ላይ የፊደል ማዛመጃ አንድ ገጽ ይበቃዋል።