«ለክፉ ቀን» ብሎ ጓዳ መሙላት፦ ብልህነት ነው ወይስ ገበያ ማናር?

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ቡና ላይ ተነሥቶ ያላለቀ ክርክር ይዤ መጥቻለሁ። አንዷ ጎረቤታችን ዕቃ ልታወጣ ጓዳዋን ስትከፍት ሁላችንም አየነው። ሁለት ኩንታል ጤፍ፣ አንድ ኩንታል በቆሎ፣ ሽሮና በርበሬ በባልዲ በባልዲ፣ ባለ 5 ሊትር ዘይት አራት። ሌላዋ ጎረቤት «ይሄማ ስግብግብነት ነው፤ ኑሮ የሚወደደው በእናንተ ነው» አለቻት። ባለጓዳዋ ደግሞ «በ2015 ሐምሌ የት ነበርሽ?» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ ቶናውም በረካውም በዝምታ ተጠጣ።

እኔ ከባለጓዳዋ ጋር ነኝ። በ2012 መጋቢት መጨረሻ ኮሮና ሲመጣ ባሕር ዳር ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ታገደባት። በ2015 ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን ደግሞ መንገድ ተዘጋ፣ በረራ ቆመ፣ ሱቁ ሁሉ ተቆለፈ፣ ኢንተርኔት ጠፋ። ያኔ ማን ማንን ምን እንደለመነ እናውቃለን። ጓዳው የሞላ ሰው ለሌላውም ይተርፋል። እስቲ ተከራከሩኝ።

ተከራይዋ፦
መጀመሪያ ጓዳ ስጡኝና ልሙላው። አንድ ክፍል ቤት ነው የተከራየሁት። አልጋ፣ ቡታጋዝ፣ ሁለት ጀሪካን ውኃ፣ አለቀ። ኩንታሉን የት ላድርገው፣ ጭንቅላቴ ላይ? እንጀራ ከጉልት በቁጥር ነው የምገዛው። ዘይትም ያው ደሞዝ ሲወጣ ትንሽ፣ ወሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ በጣም ትንሽ። ባለኩንታሎቹ ቀድመው ሲያነሡ ጉልት ያለችው ሴትዮ ጤፉን በውድ ትገዛለች፣ እንጀራዋን ታሳንሳለች። እኔ ጋ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ስግብግብነት ያለችው ሴትዮ አልተሳሳተችም።

ቅዳሜ ገበያ፦
የእህል ነጋዴ ነኝ። ስድቡን ስለለመድኩት ቅር አይለኝም፤ ቀጥሉበት።

እህቴ ተከራይዋ፣ አንድ ቤተሰብ ሁለት ኩንታል ስላነሣ ገበያ አይነቃነቅም። አምስት ሰው ያለበት ቤት አንድ ኩንታል ጤፍ ቢበዛ ሁለት ወር ገደማ ቢያቆየው ነው። እንግዳ ከበዛ እሱንም አያቆየውም። ገበያ የሚነቃነቀው ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ሲመጣ ነው። ወሬ ይናፈሳል፣ «መንገድ ሊዘጋ ነው» ይባላል፣ ከሰዓት በኋላ ባጃጁ ሁሉ ወደ እኛ ይዞራል። ከአዴት ሊመጣ የነበረው መኪና «ልቆይ» ብሎ ይቀራል። በዚያች ሰዓት እኔ ዋጋ ባልጨምር እንኳ የሚያመጣልኝ ሰው ይጨምርብኛል።

ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ተወቅቶ ጥርና የካቲት ላይ ገበሬው ዕዳውን ለመክፈል፣ ሠርጉን ለመደገስ ብሎ ያወጣዋል። መግዛት ያኔ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የገበሬውም ጎተራ የሚሟጠጥበት ጊዜ ነው። የከተማ ሰው ግን ጥር ላይ ዘወር ብሎ አያየኝም፤ ሐምሌ ላይ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ይጨቃጨቀኛል። ጥር ላይ የተገዛ ኩንታል ማንንም አይጎዳም። ሐምሌ ላይ በድንጋጤ የተገዛ ግን ተከራይዋን ይጎዳል። እኔ የማየው ልዩነት ይሄ ነው።

ተከራይዋ፦
ጋሼ፣ ጥር ላይ ብሩ ከየት ይምጣ? እርስዎ ጋ ጤፉ ይረክሳል እንጂ የኔ ደሞዝ ጥር ላይ አይጨምርም።

ብር ቆጣሪ፦
ባንክ ነው የምሠራው። ከ2016 ሐምሌ ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ማለቴ ነው፣ ብር ከማስቀምጥ ጤፍ ባስቀምጥ ይሻለኛል ብዬ አምናለሁ። አምስት ኩንታል አለኝ። ሁለቱን እበላለሁ፣ ሦስቱን ሲወደድ እሸጣለሁ። ምን ነውር አለው?

ቅዳሜ ገበያ፦
ወንድሜ፣ አንተማ ጓዳ አልሞላህም፤ ያለ ንግድ ፈቃድ ነግደሃል። እኛ እጥረት ያለበትን ዕቃ ብንደብቅ በሕግ እንጠየቃለን። አንተ አልጋህ ሥር ደብቀህ «ለክፉ ቀን» ትላለህ።

ብር ቆጣሪ፦
አልጋ ሥር አይደለም፣ ሳሎን ነው። 😄

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ ይሄ ክርክር ድሮ አልነበረም። ያደግሁት ሜጫ ውስጥ ነው። በጭቃና በጭድ የተሠራ ጎታ የሌለበት ቤት አላየሁም። እናቴ ግንቦት ሳያልቅ በርበሬዋን አድርቃ ታስፈጫለች፣ ሽሮዋን ትከካለች፣ ድርቆሹን ታሰጣለች። ሥጋ ከተገኘ ቋንጣ ይሰቀላል። ክረምት ከገባ ፀሐይ የለም፤ ምን ይደርቃል? ገብስ ተቆልቶ በሶ ይሆናል፤ በሶ ደግሞ እሳትም ምጣድም አይጠይቅም። ማንም «ለአደጋ ተዘጋጀሁ» አይልም ነበር፤ የዓመቱ ሥራ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚሉት ሴቶች ሲደቁሱ ኖረው ነው። አሁን በየቀኑ ከሱቅ እየገዙ መኖር ሥልጣኔ መሰለና ጓዳ የያዘች ሴት ስግብግብ ተባለች።

ተከራይዋ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ጎታው የቆመው እኮ በራሳቸው ማሳ ላይ ነው። ማሳ የሌለው ሰው ያን ጊዜም ጎታ አልነበረውም።

ጡረተኛው መምህር፦
እሱስ እውነት ነው። ጥገኛም፣ ደሃም ነበረ። አልክድም።

የዘጌ ቡና፦
ማሳ ስለሌለው ሰው ከተነሣ እኛን ጠይቁን። ዘጌ ላይ በገዳማቱ ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው። ያለን ቡና፣ ጌሾና ፍራፍሬ ነው። እህል ከጥንት ጀምሮ ከውጭ ነው የሚገባልን። ቡናና እንጨት በታንኳ ይወጣ ነበር፣ እህል ይመለስ ነበር። አሁን መኪናም ሞተር ጀልባም አለ፤ ሁለቱም የሚቆሙበት ቀን ግን አይጠፋም። እኛ ዘንድ ቡናው እንደተሸጠ የመጀመሪያው ወጪ እህል ነው፤ ልብስም ቆርቆሮም ከዚያ በኋላ ነው። ስግብግብነት የሚለው ቃል አይመጣልንም። ባዶ ጓዳ ይዞ ዋንዛው ሥር የሚቀመጥ ሰው ግን ይታማል።

እመ ብዙኃን፦
«ነገ ለራሱ ይጨነቃልና ለነገ አትጨነቁ» የሚለውን ረስታችሁት ነው? እግዚአብሔር ያለበት ቤት ጎድሎበት አያውቅም።

የሽምብጥ ልጅ፦
እትዬ፣ ዮሴፍ በግብፅ ለሰባት ዓመት እህል ያከማቸውስ በማን ፈቃድ ነበር?

እመ ብዙኃን፦
ዮሴፍ ለሕዝብ ነው ያከማቸው፣ ለጓዳው አይደለም። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብቢው ልጄ።

ቅዳሜ ገበያ፦
ይሄ ግጥም ያለ መልስ ነው። 👏

ነርሷ፦
ይሙሉ አይሙሉ ለሚለው መልስ የለኝም። እንዴት ይሙሉ ለሚለው ግን አለኝ፤ ምክንያቱም ጥፋቱን የምናየው እኛ ነን።

አንደኛ፣ የነቀዝ ክኒን። ገበያ ላይ በልቅ የሚሸጠውን ማለቴ ነው። እርጥበት ሲነካው መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ ኩንታሉ ከአልጋው አጠገብ ሆኖ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሊተነፈስ ነው። ይገድላል። ማርከሻ የለውም። ሳሎኑ ውስጥ ጤፍ ያስቀመጥከው ወንድሜ፣ ሰምተሃል?

ሁለተኛ፣ ሻጋታ። የሻገተ በቆሎ፣ ኦቾሎኒ ወይም በርበሬ ታጥቦም ተቆልቶም መርዙ አይጠፋም። አፍላቶክሲን ይባላል፤ ጉበት ነው የሚጎዳ። «ለዶሮ ይሆናል» ብላችሁ አትስጡ፤ ዶሮዋም ትጎዳለች።

ሦስተኛ፣ ጓያ። ርካሽ ስለሆነ ሽሮው ሁሉ ጓያ ብቻ ይሆናል። አልፎ አልፎ ቢበላ ችግር የለውም። በክፉ ቀን ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ ግን እግር ይይዛል፣ እንደያዘ ይቀራል። ጓዳ የሚሞላ ሰው ሽምብራና አተር ይቀላቅልበት።

ብር ቆጣሪ፦
ጤፍ ላይ ክኒን አላደረግሁም፣ እግዜር ይመስገን። ጤፍ ይነቅዛል እንዴ?

ነርሷ፦
ፍሬው ስለሚያንስ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም። የሚያስቸግሩት በቆሎ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ ሽምብራና ባቄላ ናቸው። ባሕር ዳር ደግሞ ሞቃት ነው፤ ነቀዝ ይመቸዋል።

ባለወፍጮ፦
ለበቆሎና ለጥራጥሬ ሦስት ድርብ የሆነ ከረጢት አለ፤ ፒክስ ይሉታል። ሁለቱ የውስጥ ላስቲክ ናቸው፣ ውጪው ማዳበሪያ። እህሉን ሞልታችሁ እያንዳንዱን ላስቲክ ለብቻ ጠምዝዛችሁ፣ አጥፋችሁ ታስራላችሁ። ውስጥ ያለው ነቀዝ አየር አጥሮት ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልግም። ግን በየሳምንቱ እየከፈታችሁ በጣሳ የምትቀዱ ከሆነ ዋጋ የለውም። የአይጥ ቀዳዳም አይወድም።

እህሉ ግን ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥብ ከታሸገ ይሻግታል። እኔ እንዲህ ነው የማየው። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ሦስት እፍኝ በቆሎ እጨምራለሁ፣ ደረቅ ጨው እበትንበታለሁ፣ ከድኜ ደጋግሜ እንጣለሁ፣ ከዚያ ትንሽ አስቀምጠዋለሁ። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለሳል። ጨው ወደ ታች ከወረደ ይታሸግ።

ሌላው ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር፦ ወፍጮ በመብራት ነው የሚሠራ። በዚያ መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ኩንታል ጤፍ ይዞ ዱቄት ያጣ ቤት ነበር። ምጣዱም በመብራት ነው። ስለዚህ ጤፉ ብቻውን ጓዳ አይባልም። ትንሽ የተፈጨ፣ ከሰል፣ ክብሪት፣ ጀሪካን ውኃ፣ ሳይጋገር የሚበላ ነገር። መምህር ያሉት በሶ ይሄን ጊዜ ነው የሚፈለገው። ፎገራ ሩዝም ጥሩ ነው፤ ከወረታ እስከ እዚህ ቅርብ ነው፣ ወፍጮ አይፈልግም፣ ከሰል ላይ ይበስላል። ዱቄት ግን በብዛት አታስቀምጡ፤ ቶሎ ይበላሻል።

ተከራይዋ፦
ይሄ ከኩንታሉ ወሬ ይሻለኛል። አምስት ኪሎ ሩዝ፣ ትንሽ በሶ፣ ሽሮ። አልጋ ሥር ይገባል። እሱን ቢሆን ቀስ በቀስ እሞክረዋለሁ።

ፓፒረስ ማዶ፦
ለምን በእድር አናደርገውም? እድሩ ጥር ላይ በጅምላ ይግዛ፣ መጋዘን ይከራይ፣ ለአባል በየወሩ እያስከፈለ ያከፋፍል።

ጡረተኛው መምህር፦
የእድር ብር የቀብር ብር ነው። ጤፍ ተገዝቶበት ነቀዝ ሲበላው ሬሳ በምን ሊነሣ ነው? እኔ ዳኛ የሆንኩበት እድር ውስጥ አይነካም።

ፓፒረስ ማዶ፦
እሺ እቁብ ይሁን። የጥር ወርን እጣ በብር ሳይሆን በእህል ማውጣት።

ቅዳሜ ገበያ፦
እሱ ይቻላል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚያደርጉት አሉ። እኔ በጅምላ ዋጋ እሸጣለሁ፤ ግን አስቀድማችሁ ንገሩኝ።

ተናጋሪዋ፦
አሁንስ ልናገር። ያቺ «ስግብግብነት ነው» ያለችው ጎረቤት እኔ ነኝ። የሽምብጥ ልጅ፣ ታሪኩን በግማሽ ነው ያመጣሽው።

የተናገርኩት ስለ ጤፉ አይደለም። ጤፏን በራሷ ብር ከገበያ ገዛች፣ ተመስገን፣ ይባርክላት። የተናገርኩት ስለ ዘይቱ ነው። ዘይቱ በሸማቾች ማኅበር በቅናሽ ሲመጣ ወረፋ ነበር። እኔ ከንጋት ጀምሬ ቆሜ ስደርስ አልቋል ተባልኩ። እሷ ልጇንም ሠራተኛዋንም የዘመድ ልጅም በየተራ አሰልፋ አራት ይዛ ገባች። በዓይኔ አይቻለሁ። ጥር ላይ የተትረፈረፈውን መግዛትና ለሁሉም በልክ ከመጣው ላይ መሻማት አንድ ነው? እሱን መልሱልኝ።

የሽምብጥ ልጅ፦
ይሄ ቡና ላይ አልተነሣም።

ተናጋሪዋ፦
ቡናው የሷ ነበራ! በሰው ቤት፣ በሰው ቡና እንዴት ልዘርዝረው?

ባለጓዳዋ፦
ልጄ ነግራኝ መጣሁ። ግቢያችን ውስጥ አራት ቤተሰብ ነው የምንኖረው፤ አራት ደብተር ነው ያለው። አማቴ መቆም አይችሉም፣ እህቴ ሥራ ላይ ነበረች። ድርሻቸውን አወጣሁላቸው፤ እስኪወስዱት እኔ ጓዳ ተቀመጠ። ይሄ መሻማት ነው?

ተናጋሪዋ፦
አማትሽ ይውሰዱ፣ ምን ገዶኝ። አራቱም ጀሪካን ግን እስከ ዛሬ አንቺ ጓዳ ነው።

ነርሷ፦
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ፤ ዘይት ፀሐይና ሙቀት ባለበት ብዙ ከቆየ ይሻክራል። የሚወሰድ ከሆነ ቶሎ ይወሰድ።

እመ ብዙኃን፦
ነርሷ ፍርድ ሰጠች። 😂

ተናጋሪዋ፦
እኔ መልሴን ገና አላገኘሁም። ዘይቱ በቀጣይ ሲመጣ ዝርዝሩ በር ላይ ይለጠፍ፣ ማን ለማን እንደሚያወጣም ይጻፍ ብዬ ማኅበሩን እጠይቃለሁ። የሚፈርምልኝ እስቲ እጁን ያውጣ።

ተከራይዋ፦
እኔ እፈርማለሁ። ግን ተከራይ ደብተር አይሰጠውም ተብዬ ነው የተመለስኩት። እሱንም ጨምሪልኝ።

ባለጓዳዋ፦
እኔም እፈርማለሁ፣ የምደብቀው የለም። ተከራይዋ፣ ቤትሽ የት አካባቢ ነው? ጥር ላይ አንድ ኩንታል ለሁለት ከፍለን ብንገዛ የኔ ጓዳ ቦታ አለው።

ተከራይዋ፦
በውስጥ መስመር እጽፍልሻለሁ። ቁልፉ ግን አንቺ ጋ ብቻ ከሆነ አልስማማም።