አልኮል ማርከር የምትቀቡ አላችሁ? ቀለሙ ከመስመር እየወጣ አስቸገረኝ

የሌሊት ተረኛ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት እሠራለሁ። ጠዋት ቤት ስገባ ሰውነቴ ዝሏል፣ ጭንቅላቴ ግን አይተኛም። የማን መድኃኒት ዘገየ፣ ማን ከአልጋ ሊወድቅ ነበር፣ አንዷ እናት ለምን እራታቸውን ሳይነኩት መለሱት፣ እያልኩ አልጋ ላይ ሆኜ ሌሊቱን እንደገና እሠራዋለሁ። ስልክ ከነካሁማ ጭራሽ እንቅልፍ የለም።

ከሁለት ወር በፊት የሥራ ባልደረባዬ ለልደቴ 48 አልኮል ማርከርና አንድ የአዋቂዎች ከለሪንግ ቡክ ሰጠችኝ። አንድ ጠዋት ሻይ አፍልቼ ቁጭ አልኩ። ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው ስል፣ ቀና ብዬ ሰዓት ሳይ 50 ደቂቃ ሄዷል። ያን ቀን ለጥ ብዬ ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ በኋላ አንድ ገጽ ሳልነካ አልተኛም።

አሁን ግን የሚያረጋጋኝ ነገር ራሱ ያናድደኝ ጀመር። ትናንት አንድ ወፍ ስቀባ ሰማያዊው ከክንፉ አልፎ አጠገቡ ያለው አበባ ውስጥ ገባ። ገጹን ስገልጠው ደግሞ በስተጀርባ ያለችው ሴት ፊቷ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ወጥቷል። ሰፊ ቦታ ስቀባም የጎማ ዱካ ይመስል መስመር መስመር ይሠራል። ወረቀቱ ነው? ማርከሩ ነው? ወይስ አያያዜ? ሌሎቻችሁስ በእርግጥ ያረጋጋችኋል? እናቴ በቪዲዮ ስናወራ አይታ «ደሞ ይሄ የሕፃን ሥራ ምንድነው፣ አርፈሽ አትተኚም?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ቀለም በእጁ፦
ሰላም እህቴ። አዲስ አበባ ነኝ፣ ሥራዬ ግራፊክስ ነው፣ ማርከር ስይዝ ዓመታት ሆኖኛል። የነገርሽን ሁሉ የቀለሙ ጠባይ ነው፣ ጠባዩን ካወቅሽለት ይገራል።

ቀለሙ የሟሟው በአልኮል ነው። አልኮል ወረቀቱ ውስጥ ሰርስሮ ይገባና ወዲያው ይተናል፣ ቀለሙ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ስስ ወረቀት ላይ ወደ ጀርባ ማለፉ አይቀርልሽም። መጽሐፍሽ ፊትና ጀርባ የታተመ ከሆነ አንዱን ወገን ለመስዋዕት አቅርቢው፣ ሌላ መላ የለውም። ቀጥሎ ስትገዢ በአንድ ወገን ብቻ የታተመ ምረጪ። ከምትቀቢው ገጽ ሥር ደግሞ ሁልጊዜ ወፍራም ወረቀት አስገቢ። ለብቻ ወረቀት ከገዛሽ በካሬ ሜትር 200 ግራም ገደማ የሚመዝን ለስላሳ ካርድ ጥሩ ነው። ሻካራው የውሃ ቀለም ወረቀት አይሆንም፣ ቀለም ይጠጣል፣ ጫፉንም ይበላዋል።

ከመስመር የሚወጣው ደግሞ እስከ መስመሩ ድረስ ስለምትቀቢ ነው። ትንሽ ሲቀርሽ እጅሽን አንሺ። ቀለሙ ራሱ ተንፏቆ መስመሩ ጋ ይደርሳል። መጀመሪያ ስታዪው ያልሞላ ይመስልሻል፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቂው።

የጎማ ዱካው፦ አንዱን መስመር ስበሽ እስኪደርቅ ሌላው ዘንድ እየሄድሽ ነው። የደረቀ ቀለም ጫፍ ላይ እርጥብ ሲደረብበት ያ ቦታ ይጠቁራል። ስለዚህ ትንሽ ቦታ ምረጪ፣ በብሩሹ ጫፍ ትንንሽ ክብ እየሠራሽ ሂጂ፣ የመጨረሻው ጠርዝ ሳይደርቅ ቀጥዪበት። ሁለት ቀለም ስታዋህጂ ነጣ ያለውን አስቀድሚ፣ ጠቆር ያለውን ከጥላው በኩል አስገቢ፣ ከዚያ ነጣ ባለው ተመልሰሽ መጋጠሚያውን እሺው። ይሄ ሁሉ እርጥብ እንዳለ ነው። ከደረቀ በኋላም ይለሰልሳል፣ ግን ብዙ ቀለም ይፈጃል፣ ወረቀቱም ይሰለቻል።

ቀለም የሌለው ማርከርሽን አትጣዪው። ብዙ ሰው ላጲስ ይመስለዋል። ሥራው ቀለሙን መግፋት ነው። ሰማያዊው አበባው ውስጥ ሲገባ ከአበባው ወገን ሆነሽ ወደ ክንፉ ግፊው። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ይደበዝዛል። ለወፏ ይበቃታል።

አንድ ልጨምር። የክዳኑን ቀለም አትመኚ። 48ቱንም በምትቀቢበት ወረቀት ላይ ትንንሽ ሳጥን ሠርተሽ ቅቢያቸው፣ ቁጥራቸውን ጻፊ፣ መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጪው። እኔ ይሄን ሳልሠራ «ፈዛዛ ሮዝ» ብዬ ያነሳሁት የደም ቀለም ሆኖ አንድ ሙሉ ገጽ አበላሽቶብኛል። ሳጥኖቹን መቀባት ራሱ አንድ ጠዋት ይወስዳል፣ ደግሞም ደስ ይላል። ሁለቱም ጎኑ ጫፍ ያለው ማርከር ደግሞ ተጋድሞ ነው የሚቀመጠው። ካቆምሽው ቀለሙ ወደ ታች ይሄድና አንደኛው ጫፍ ይደርቃል።

ጠይም ናት፦
እኔ ያለሁት እስራኤል፣ ነታንያ ነው። ወንድማችን ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ፊት ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

«የቆዳ ቀለም» ተብሎ ስብስብ ይሸጣል። ስከፍተው ሮዝ፣ ሮዝ፣ አሁንም ሮዝ። ቀይ ዳማ ሴት እንኳ የምትቀባበት የለም። ስለዚህ ቡናማዎቹን በነጠላ ነው የምገዛው። ኮፒክ የሚባለው የጃፓን ማርከር፣ ከ1987 ጀምሮ የሚሠራው፣ ቀለሞቹ በፊደልና በቁጥር ነው የሚጠሩት። «ኢ» (E) የሚለው ምድብ የአፈር ቀለሞች ናቸው። የመጨረሻው ቁጥር ሲጨምር ቀለሙ ይጠቁራል። ለጠይም ፊት ኢ33ን ብርሃን የሚያርፍበት ግንባርና አፍንጫ ላይ፣ ኢ35ን ሙሉ ፊቱ ላይ፣ ኢ37ን ከአገጭ ሥርና አንገት ላይ አደርጋለሁ። ጠቆር ላለ ሰው ከኢ37 እጀምርና ጥላውን በኢ29። ኮፒክ ውድ ነው፣ ከሌለሽ ከሌላው ስብስብሽ ውስጥ እነዚህን የሚመስሉ ሦስት ቡናማዎች ፈልጊ። ቁም ነገሩ ሦስቱ አንድ ቤተሰብ መሆናቸው ነው። አንዱ ወደ ቀይ፣ አንዱ ወደ አረንጓዴ ካዘነበለ አይስማሙም።

ጥላውን በግራጫ እንዳትሠሪ! አያቴን ከፎቶ ሥዬ ጉንጯ ሥር ግራጫ አድርጌ፣ አያቴ አመዳም ሆና ቁጭ አለች። ቅባት ያልነካት የምትመስል። አሁን ከቡናማው በፊት ጥላው ቦታ ላይ ፈዛዛ ሐምራዊ አስቀድማለሁ፣ ከዚያ ቡናማውን ደረብ። ፊቱ ነፍስ ይዘራል።

እርሳስ ይሻለኛል፦
ሽታውን ማንም አላነሳም። አስም አለብኝ። ክረምት ላይ መስኮት ዘግቼ ስቀባ ደረቴን ያዘኝና ተውኩት፣ አሁን የእንጨት ከለር ነው የምጠቀመው። በጣም ቀርፋፋ ነው፣ ለእኔ ግን ቀርፋፋነቱ ነው መድኃኒቱ። ማርከር የምትይዙ መስኮት ክፈቱ። አልኮል እሳት ስለሚወድ ከምድጃና ከሻማ አርቁት። ደግሞ የጨረሳችሁትን ሥዕል ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ፣ ይደበዝዛል። እህቴ፣ ማርከሩ ካልሽው በላይ ካናደደሽ ለጥቂት ቀን እርሳስ ሞክሪ፣ ነውር የለውም።

የሸማኔ ልጅ፦
እናትሽ ለጠየቁሽ መልስ የሚሆን ነገር አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች 84 የኮሌጅ ተማሪዎችን ሰብስበው መጀመሪያ ትንሽ አስጨነቋቸው፣ ከዚያ በሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ማንዳላ የሚባለውን ክብ ንድፍ ቀባ፣ ሁለተኛው በተሻገሩ መስመሮች የተሠራ ካሬ ንድፍ ቀባ፣ ሦስተኛው ባዶ ወረቀት ላይ የፈለገውን። ንድፍ የተሰጣቸው ሁለቱ ቡድኖች ጭንቀታቸው ባዶ ወረቀት ከተሰጣቸው ይበልጥ ቀነሰ። አንድ ጥናት ብቻ ነው፣ ሐኪም የሚተካ አይደለም። እንቅልፍሽ እንዲሁ ከቀጠለ ሐኪም አማክሪ። ግን ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነው። ባዶ ወረቀት «ምን ልሥራ» ያሰኛል። ንድፍ ግን የሚቀጥለውን ይነግርሻል። ሌሊቱን ሙሉ ስትወስኚ ላደርሽ ሰው ለአንድ ሰዓት አለመወሰን ትልቅ ዕረፍት ነው።

ሽሮ ሜዳ ነው ያደግኩት። አባቴ ጥለት ሲሠራ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ፣ መወርወሪያው ወዲህ ወዲያ ሲል፣ ትንፋሹ ከእጁ ጋር ይሄድ ነበር። ሰው እንኳ ሲገባ ረድፉን ሳይጨርስ ቀና አይልም። እኔ አሁን ካሬ ያለው ደብተር ላይ ጥለት እየነደፍኩ በማርከር እቀባለሁ። አንድ ካሬ አንድ ክር ነው። ወፏና አበባው ካስቸገሩሽ ጥለት ሞክሪ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ የጎማ ዱካ ብሎ ነገር የለም፣ አንድ ነጥብ ብታሳርፊ ካሬው ይሞላል። ከዚያ ስትጠነክሪ የብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ ያለውን ሐረግ የሚባለውን የተጠላለፈ ጌጥ ንደፊ። ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ይበቃሻል። አንዱ ገመድ በሌላው ላይ የሚያልፍበትንና ከሥር የሚገባበትን እየተከተልሽ ስትቀቢ ሌላ ሐሳብ መግቢያ ቀዳዳ የለውም።

ንድፉን ኮፒ አስደርገሽ ከሆነ ብቻ መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞክሪው። የሌዘር ፕሪንተር ቶነር (ዱቄት ቀለሙ) አልኮል ሲነካው አንዳንዴ ይሟሟና ጥቁሩ በቢጫው ላይ ይጎተታል።

የሌሊት ተረኛ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳምንት ቆይቼ ነው የተመለስኩት።

ሳጥኖቹን ሠራሁ። 48ቱም። ሁለት አረንጓዴዎች ክዳናቸው አንድ ነው፣ ወረቀት ላይ ግን አንዱ ጎመን አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። መስመሩ ሳይደርስ እጅ ማንሳቱን ስሞክር ቀለሙ ቀስ ብሎ ተንፏቆ መስመሩ ጋ ሲቆም አየሁት። ለብዙ ደቂቃ እሱን ብቻ ሳይ ቆየሁ። ወፏን በቀለም አልባው ገፋሁላት፣ አበባው ላይ ትንሽ ጥላ ቀርቷል፣ ተውኩት።

ጥለቱን ደግሞ ረቡዕ ጠዋት ጀመርኩ። እናቴ ደወለች። «ምንድነው እሱ?» አለች፣ አሳየኋት። ዝም ብላ ቆየችና «ሁለተኛው ረድፍ ተሳስተሻል፣ አረንጓዴው ከቀዩ ቀድሞ ነው የሚገባው» አለች። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ለሠርጌ የለበሰችውን ቀሚስ ከሳጥን አውጥታ የጥለቱን ፎቶ ላከችልኝ። ቅርብ አድርጋ፣ ክሩ አንድ በአንድ እንዲቆጠር። አሁን እሱን ነው የምነድፈው። መሀሉ ላይ ግን ወርቅ ክር አለ። እሱን በምን ልሥራው?

ቀለም በእጁ፦
አልኮል ማርከር ግልጽ ቀለም ስለሆነ የወርቅ ብልጭታ አይሰጥሽም። ሥሩን በደብዛዛ ቢጫ ቅቢው፣ ጠርዙን በቀላል ቡናማ። ለአንድ ሰዓት አድርቂው። ከዚያ በወርቃማ ጄል እስክሪብቶ ክሩን አንድ አንድ እያልሽ ስመሪው። ጄሉ ከተሰመረ በኋላ ማርከር አታስነኪው፣ ጫፉን ያበላሽብሻል። ስትጨርሺ ለጥፊልን።