ልጄን ሳላስለቅስ እንዴት "አይሆንም" ልበለው?

ልጄ ሁለት ዓመቱ ነው። ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት የሚባል የልብ ችግር ይዞ ነው የተወለደው። በልቡ ታችኞቹ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ፤ ደም ወደ ሳንባ የሚሄድበት መንገድም ጠባብ ነው። የቀዶ ጥገና ተራ እየጠበቅን ነው።

ያስጨነቀኝ ልቅሶው ነው። አምርሮ ካለቀሰ ከንፈሩና ጥፍሮቹ ይጠቁራሉ፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። ያኔ ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ አጥፌ እይዘዋለሁ፤ ሐኪሙ ያሳየን ነው፣ ደም ወደ ሳንባው እንዲሄድ ይረዳል። ቶሎ ካልተሻለው ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ቀለሙ እስኪመለስ ነፍሴ አትቀርልኝም።

ስለዚህ እቤት ውስጥ "አይሆንም" የሚባል ነገር ጠፍቷል። እሱም ገብቶታል። የስድስት ዓመቷ እህቱ የምትስልበትን ደብተር ሲቀማት "ተይለት" የምላት እኔ ነኝ። ትናንት ምንም ሳትናገር እርሳሶቿን ሰብስባ አልጋ ስር ደበቀች። አንጀቴን በላችው። አያቱ "የታመመ ልጅ አይቆጡም" ይላሉ። እኔ አልስማማም። ድኖ የሚያድግ ልጅ ነው፣ ወሰን ማወቅ አለበት።

እንዲህ ዓይነት ልጅ ያሳደጋችሁ፣ አምርሮ ሳያለቅስ እንዴት ትከለክሉት ነበር? ለእህት ለወንድሙስ ምን ብላችሁ አስረዳችሁ? እባካችሁ የሞከራችሁትን ንገሩኝ።